ቃል ወደ ቁጥር ሲለወጥ፦ «ፈዚ» የውሳኔ ዘዴና የፋብሪካ ጥራት

አንድ የመኪና ፋብሪካ አዲስ ሞዴል ማምረት ከመጀመሩ በፊት፣ የጥራት ቡድኑ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ሁሉ ተቀምጦ ይዘረዝራል። ለምሳሌ ያህል ከዝርዝሩ ሁለቱ ይወሰዱ። አንደኛው የፍሬን ዘይት ቧንቧ መሰንጠቅ ነው፤ ሁለተኛው የሬዲዮ ማዞሪያው ላልቶ መንኳኳቱ ነው። ቡድኑ ለእያንዳንዱ ብልሽት ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ሦስት ነጥቦች ይሰጣል። መዘዙ ምን ያህል ከባድ ነው? ምን ያህል ይደጋገማል? መኪናው ከፋብሪካው ሳይወጣ ጉድለቱን ለማግኘት ምን ያህል ያስቸግራል? ለፍሬኑ 10፣ 2 እና 3 ተሰጠ። ለሬዲዮው ደግሞ 3፣ 4 እና 5። ነጥቦቹ እርስ በርስ ሲባዙ የሁለቱም ውጤት 60 ሆነ።

በሠንጠረዡ መሠረት ሕይወት ሊያጠፋ የሚችለው ብልሽትና ጆሮ የሚያሰለቸው ኳኳታ እኩል ትኩረት ይገባቸዋል ማለት ነው። ከቡድኑ አባላት ይህን የሚያምን አንድም ሰው አይኖርም። ማባዛቱ ግን አልተሳሳተም። ስህተቱ የገባው ከማባዛቱ በፊት፣ የባለሙያዎች ቃል ወደ ቁጥር በተለወጠበት ቅጽበት ነው። «ፈዚ» በመባል የሚታወቁት የውሳኔ ዘዴዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመረምሩት የኖሩትም ይህንኑ ቅጽበት ነው።

ቁጥር የለበሰ ቃል

ከላይ የተገለጸው አሠራር የብልሽት ዓይነትና መዘዝ ትንተና ይባላል፤ በኢንዱስትሪው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው ኤፍ ኤም ኢ ኤ በሚለው የእንግሊዝኛ ምህጻሩ ነው። መነሻው በ1940ዎቹ መገባደጃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጦር ኃይል ያወጣው የአሠራር መመሪያ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ጠፈር ምርምርና ወደ መኪና ኢንዱስትሪ ተሸጋግሯል። የሦስቱ ነጥቦች ብዜት የስጋት ቅድሚያ ቁጥር ይባላል፤ ትንሹ 1፣ ትልቁ 1,000 ነው።

ዘዴው ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ አስቀድሞ እንዲታሰብ ያስገድዳል፤ ንድፍ አውጪውን፣ የምርት ክፍሉንና የጥገና ባለሙያውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል። ችግሩ ቁጥሮቹ ከሚችሉት በላይ እንዲናገሩ መደረጋቸው ነው። በክብደት መለኪያው ላይ 8 ከ4 የባሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ሁለት እጥፍ የባሰ ነው ለማለት ግን ማስረጃ የለም። በማራቶን አንደኛና ሁለተኛ በወጡት ሯጮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድም፣ አምስት ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ደረጃ ቅደም ተከተልን ይናገራል እንጂ ርቀትን አይናገርም። ደረጃዎችን እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ወስዶ ማባዛት በሒሳብ የተከለከለ ባይመስልም፣ የሚገኘው ውጤት ምን እንደሚለካ አይታወቅም።

ሌላም ጉድለት አለ። ሦስቱ ነጥቦች 1,000 ጥምረቶችን ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ የእነዚህ ጥምረቶች ብዜት ግን 120 የተለያዩ ቁጥሮችን ብቻ ነው የሚሰጠው። በመሆኑም ጨርሶ የማይመሳሰሉ ስጋቶች በአንድ ቁጥር ሥር መታጨቃቸው የማይቀር ነው፤ የፍሬኑና የሬዲዮው 60 የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጥቡን የሰጠው ባለሙያ በመጀመሪያ በአእምሮው የነበረው ቁጥር አልነበረም። «አልፎ አልፎ ያጋጥማል»፣ «ለማግኘት ያስቸግራል» የሚል ቃል ነበር። አንዱ «አልፎ አልፎ» ለሚለው 3 ሲሰጥ፣ ሌላው ለዚያው ቃል 4 ይሰጣል። ቅጹ ላይ የሚቀረው ግን አንድ ደረቅ ቁጥር ብቻ ነው። ማመንታቱ ተሰርዟል፤ ማን ምን አስቦ እንደነበር የሚያሳይ ምልክትም አልቀረም።

አቦል የሚያበቃው የት ላይ ነው?

ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ ያደገ ሰው አቦል ወፍራም፣ በረካ ቀጭን መሆኑን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ በአቦሉ ላይ ውኃ በማንኪያ እየተጨመረ ቢሄድ፣ ቡናው «ወፍራም» መባሉ የሚያበቃው በስንተኛው ማንኪያ ላይ ነው? ያችን አንዲት ማንኪያ ለይቶ ማሳየት የሚችል የለም። ሆኖም «ወፍራም ቡና» ትርጉም ያለው ቃል ነው፤ ቡና የምታፈላውም፣ የሚጠጣውም በእርሱ ይግባባሉ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል ሒሳባዊ መልክ የሰጡት ሎትፊ ዛዴህ ናቸው። በ1921 ባኩ ውስጥ ተወልደው ቴህራን ያደጉት እኚህ ምሁር፣ በአሜሪካ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ በ1965 «ፈዚ ስብስቦች» የተሰኘውን ጥናታቸውን አሳተሙ። ፈዚ ማለት ጠርዙ የደበዘዘ፣ ድንበሩ ጥርት ብሎ የማይታይ እንደማለት ነው። በተለመደው ሒሳብ አንድ ነገር የአንድ ስብስብ አባል ነው ወይም አይደለም፤ 1 ወይም 0 ነው። ዛዴህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ፈቀዱ። በዚህ አስተሳሰብ አቦሉ «ወፍራም» በሚለው ስብስብ ውስጥ ያለው የአባልነት ደረጃ 1፣ የቶናው 0.5፣ የበረካው 0.1 ሊሆን ይችላል።

ይህ ከዕድል ስሌት ይለያል። «ነገ የመዝነቡ ዕድል 0.7 ነው» ሲባል፣ ነገ ሲደርስ ጥርጣሬው ይፈታል፤ ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም። ቶናው በ0.5 ደረጃ ወፍራም ነው ሲባል ግን ቡናው ከተቀመሰም በኋላ ቁጥሩ ያው ነው። የጎደለ መረጃ የለም፤ የደበዘዘው የቃሉ ድንበር ራሱ ነው።

በ1970 ዛዴህ ከሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ቤልማን ጋር በመሆን ሐሳቡን ወደ ውሳኔ አሰጣጥ አሸጋገሩት። በሥራ ዓለም ግብም ሆነ ገደብ የሚነገረው በደበዘዙ ቃላት ነው፤ «ወጪው እንዳይበዛ»፣ «ጥራቱ ከፍ እንዲል»፣ «ቶሎ እንዲደርስ» ይባላል። የሁለቱ ምሁራን ጥያቄ እነዚህን ሁሉ በአንድነት በተሻለ ደረጃ የሚያሟላው አማራጭ እንዴት ይለያል የሚል ነበር።

ከእንፋሎት ሞተር እስከ ሲሚንቶ ምድጃ

ሐሳቡ ከወረቀት ወደ ማሽን የተሸጋገረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ነው። በኩዊን ሜሪ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት፣ ትውልዳቸው ታንዛኒያ የሆነው ኢብራሂም ማምዳኒ፣ ከተማሪያቸው ጋር ሆነው አንድ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር በቃላት ደንቦች እንዲመራ አደረጉ። ደንቦቹ ሰው ለሰው እንደሚናገረው ዓይነት ነበሩ፤ ግፊቱ በጥቂቱ ካነሰና መቀነሱን ከቀጠለ ሙቀቱን በመጠኑ ጨምር እንደሚባለው።

ከዚያ በኋላ ኤፍ ኤል ስሚት የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ዘዴውን በሲሚንቶ ምድጃ ላይ ተገበረው። የሲሚንቶ ምድጃ እየተሽከረከረ የሚሠራ ረጅም የብረት በርሜል ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ጥሬ ዕቃ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ሙቀቱ ካነሰ ኖራው በሚገባ አይዋሐድም፤ የሲሚንቶው ጥራት ይወድቃል። ሙቀቱ ከበዛ ነዳጅ ይባክናል፤ የሚወጣው ክሊንከርም ለመፈጨት አስቸጋሪ ይሆናል። ይህን ሚዛን ይጠብቅ የነበረው የነበልባሉን ሁኔታ፣ የምድጃውን ጉልበትና የጭሱን ይዘት እያየ «ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል» የሚል ልምድ ያለው ኦፕሬተር ነበር። መሐንዲሶቹ የኦፕሬተሮችን ደንብ ሰብስበው ወደ ፈዚ ስሌት አስገቡት።

በ1987 ሥራ የጀመረው የጃፓኗ ሴንዳይ ከተማ የምድር ባቡርም ሂታቺ በሠራው ፈዚ መቆጣጠሪያ እየተመራ ተሳፋሪን ሳያንገጫግጭ መነሳትና መቆም ቻለ። ቀጥሎም የጃፓን ኩባንያዎች ዘዴውን በልብስ ማጠቢያዎች፣ በሩዝ ማብሰያዎችና በካሜራዎች ውስጥ አስገቡት። በእነዚህ ሁሉ የተገኘው ስኬት ማሽኑ ከሰው የተሻለ ስላወቀ የመጣ አልነበረም። የልምድ ባለቤቱ በቃል የሚናገረው እውቀት፣ ያለ ቦታው በተሰመረ ድንበር ሳይቆራረጥ ወደ ስሌት መግባት በመቻሉ የመጣ ነበር።

ሁለቱ 60ዎች እንደገና ሲመዘኑ

የማሽን መቆጣጠሪያ የሆነው ይኸው ዘዴ ለጥራት ውሳኔም ያገለግላል። በ1995 ቦውልስና ፔላዬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የብልሽት ትንተናን በፈዚ ደንቦች መሥራት እንደሚቻል አሳዩ፤ ከእነርሱ በኋላም ብዙ ጥናቶች ተከትለዋል። አሠራሩን ለማየት የፍሬኑና የሬዲዮው ምሳሌ በቂ ነው። ለማቃለል ክብደትና ድግግሞሽ ብቻ ይወሰዳሉ፤ ቁጥሮቹም ለማሳያ የተመረጡ ናቸው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ቃል ይመለሳል። የፍሬኑ ክብደት 10 በመሆኑ «እጅግ ከባድ» በሚለው ስብስብ ውስጥ ሙሉ አባል፣ ማለትም 1 ነው። ድግግሞሹ 2 ነው፤ ይህም በ0.8 ደረጃ «ዝቅተኛ»፣ በ0.2 ደረጃ «መካከለኛ» ነው ይባል። የሬዲዮው ክብደት 3 ሲሆን፣ በ0.75 ደረጃ «ቀላል»፣ በ0.25 ደረጃ «መካከለኛ» ይሆናል። ድግግሞሹ 4 በመሆኑ ሙሉ በሙሉ «መካከለኛ» ውስጥ ይወድቃል።

ሁለተኛው እርምጃ ቡድኑ አስቀድሞ የተስማማባቸውን ደንቦች መጠቀም ነው። እጅግ ከባድ የሆነ ብልሽት ድግግሞሹ ዝቅተኛ ቢሆንም ስጋቱ «ከፍተኛ» ነው፤ ድግግሞሹ መካከለኛ ከሆነ ስጋቱ «እጅግ ከፍተኛ» ነው። ቀላል ብልሽት በመካከለኛ ድግግሞሽ ስጋቱ «ዝቅተኛ» ነው፤ መካከለኛ ክብደት በመካከለኛ ድግግሞሽ ደግሞ «መካከለኛ» ነው። አንድ ደንብ የሚኖረው ጉልበት ከሁኔታዎቹ መካከል ያነሰውን ደረጃ ይከተላል፤ ሰንሰለት ከደካማው ቀለበቱ በላይ አይጠነክርምና።

ሦስተኛው እርምጃ ውጤቱን ወደ አንድ ቁጥር ማጠቃለል ነው። ከ100 «ዝቅተኛ» 25፣ «መካከለኛ» 50፣ «ከፍተኛ» 75፣ «እጅግ ከፍተኛ» 95 ቢወክሉ፣ ለፍሬኑ 0.8 በ75 እና 0.2 በ95 ተባዝተው ሲደመሩ 79 ይሆናል። ለሬዲዮው 0.75 በ25 እና 0.25 በ50 ተባዝተው ሲደመሩ 31 ገደማ ይሆናል። እኩል የነበሩት ሁለቱ ስጋቶች ተራራቁ፤ ሠንጠረዡም የቡድኑ አባላት አስቀድመው ያውቁት የነበረውን መናገር ጀመረ።

ማንኛውም ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ ተገቢ ነው። 0.8 የመጣው ከየት ነው? 75ስ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው የወሰኑት ነው። የፈዚ ዘዴ የሰውን ግምት አያስወግድም። ልዩነቱ ግምቱ የት ቦታ ላይ እንደገባ ማሳየቱ ነው። በማባዛቱ ዘዴ «ክብደትና ድግግሞሽ እኩል ዋጋ አላቸው» የሚለው ውሳኔ ማንም ሳይወያይበት በስሌቱ ውስጥ ተደብቆ ይገባል። በፈዚ ዘዴ ግን እያንዳንዱ ደንብ በሚነበብ ዓረፍተ ነገር ስለሚጻፍ፣ የማይስማማ ሰው ጣቱን ጠቁሞ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ይችላል።

ባለሙያዎች ሲለያዩ

ይህ ግልጽነት ግን ራሱን በራሱ አይጠብቅም። ብዙ ባለሙያዎች በአንድነት ሲወስኑ ለምሳሌ የፈዚ ዘዴም ሊሸፍን ይችላል። አንድ የጫማ ፋብሪካ ከሁለት ሶል አቅራቢዎች አንዱን ሊመርጥ ነው። ሦስት ገምጋሚዎች በቃል ይመዝናሉ፤ እያንዳንዱ ቃል ደግሞ ዝቅተኛውን፣ ማዕከላዊውንና ከፍተኛውን ግምት በያዘ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁጥር ይወከላል። «ደካማ» 1፣ 3፣ 5፤ «መካከለኛ» 3፣ 5፣ 7፤ «ጥሩ» 5፣ 7፣ 9፤ «በጣም ጥሩ» 7፣ 9፣ 10 ይሁን።

የመጀመሪያውን አቅራቢ ሁለቱ «ጥሩ»፣ አንዱ «መካከለኛ» አሉት፤ አማካዩ 4.3፣ 6.3፣ 8.3 ይሆናል። ሁለተኛውን አንዱ «በጣም ጥሩ»፣ አንዱ «ጥሩ»፣ ሦስተኛው «ደካማ» አሉት፤ አማካዩ 4.3፣ 6.3፣ 8.0 ይሆናል። ሁለቱ አቅራቢዎች መንታ መሰሉ። የመጀመሪያው ግን ገምጋሚዎቹን ያቀራረበ፣ ሁለተኛው ያለያየ ነው። ምናልባት «ደካማ» ያለው ሰው ሌሎቹ ያላዩትን የተሰነጠቀ ሶል አይቶ ይሆናል። አማካይ ሲወሰድ ይህ ድምፅ ይጠፋል፤ ቁጥሩ ፈዚ ቢሆንም ይጠፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ የጥራት ቡድን አማካዩን ከማስላቱ በፊት ልዩነቱን ያያል፤ ብቻውን የቀረውን ሰው «ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቃል።

በዘዴው ላይ ከበድ ያለ ትችትም ቀርቧል። አማራጮችን ጥንድ ጥንድ በማድረግ የሚያወዳድረውን ኤ ኤች ፒ የተባለ የውሳኔ ዘዴ የፈጠሩት ቶማስ ሳቲ፣ በ2007 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ዘዴያቸውን በፈዚ ቁጥር መሥራት ተገቢነት የለውም ብለው ተከራክረዋል። የእርሳቸው መነሻ በኤ ኤች ፒ የሚሰጠው ግምት ቀድሞውንም አንጻራዊና ለማመንታት ቦታ ያለው ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ ድብዛዜ መጨመር የተሻለ መልስን አያረጋግጥም የሚል ነው። ስሌት በተወሳሰበ ቁጥር ውጤቱ ይበልጥ የሚታመን መምሰሉ፣ ለማንኛውም ሥራ አስኪያጅ ፈተና ነው።

የመኪና ኢንዱስትሪው ራሱ የሄደበት መንገድም ትምህርት ይሰጣል። በ2019 ኤ አይ ኤ ጂ የተባለው የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ቡድንና ቪ ዲ ኤ የተባለው የጀርመን መኪና አምራቾች ማኅበር በጋራ ያወጡት መመሪያ የማባዛቱን ቁጥር አስቀረ። በቦታው የገባው ፈዚ ስሌት አልነበረም፤ ለክብደት ቀዳሚ ስፍራ ሰጥቶ እያንዳንዱን ጥምረት «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ቅድሚያ ብሎ የሚመድብ ሠንጠረዥ ነው። ቃሉ ተመለሰ፤ ሒሳቡ ግን ቀለል አለ። ማንኛውም ኦዲተር በጣቱ ተከትሎ የሚያነበው ሠንጠረዥ፣ ጥቂቶች ብቻ ከሚረዱት ሶፍትዌር በብዙ ፋብሪካ ይመረጣል።

ከድንበሩ አጠገብ ያለው ጆንያ

ለኢትዮጵያውያን በጣም የቀረበው የጥራት ፍርድ የቡና ቅምሻ ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ደረጃ የሚያወጣው ጥሬ ፍሬውን በማየትና ቡናውን በማስቀመስ ነው። በዓለም አቀፉ የስፔሻልቲ ቡና ማኅበር ለረጅም ዓመታት በተሠራበት የቅምሻ ቅጽ ደግሞ አሥር መመዘኛዎች ከመቶ ይደመራሉ፤ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና «ስፔሻልቲ» ይባላል። ነጥቡ በሩብ፣ በሩብ ስለሚሰጥ 79.75 ያገኘው ከድንበሩ ውጭ ይቀራል። የሁለቱን ልዩነት ምላስ መለየቱ ያጠራጥራል፤ ስሙና የዋጋ ድርድሩ ግን ይለያያሉ። ከጆንያው ጀርባ ደግሞ የአንድ ዓመት ልፋቱን የሚሸጥ ገበሬ አለ።

ፈዚ አስተሳሰብ እዚህ ላይ ውል እንዲደበዝዝ አይጠይቅም። ንግድ ያለ ቁርጥ ድንበር አይካሄድም፤ ገዥና ሻጭ «በ0.5 ደረጃ ስፔሻልቲ» ብለው መፈራረም አይችሉም። ሊረዳ የሚችለው ከድንበሩ በፊት ነው። ከ80 እጅግ የራቀ ቡና በአንድ ቅምሻ ሊወሰን ይችላል፤ ለድንበሩ የተጠጋው ግን ተለይቶ በሌሎች ቀማሾች እንደገና እንዲቀመስ ማድረግ ይቻላል። ጊዜና ድካም የሚወጣው ጥርጣሬው እውነተኛ በሆነበት ቦታ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

መደብዘዝ የሌለባቸው ድንበሮችም አሉ። የመድኃኒት መጠን፣ የታሸገ ውኃ ንጽህና፣ የቦይለር የግፊት ጣሪያ በሕግና በመለኪያ የተቆረጡ ናቸው። መለኪያ ባለበት ቦታ ቃልን ማስቀደም ለጥፋት በር መክፈት ነው። የፈዚ ዘዴ ስፍራው መለኪያው በሚያበቃበትና የባለሙያ ፍርድ በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው።

በዚያ መስመር ላይ የተሰላ ውጤት የሚቀርብለት ሥራ አስኪያጅ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል። ቃላቱን ወደ ቁጥር የለወጠው ማን ነው? ገምጋሚዎቹ የተለያዩት የት ላይ ነው? 0.8 የነበረው 0.7 ቢሆን ውሳኔው ይገለበጣል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «አዎ» ከሆነ ውሳኔው ገና አልበሰለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ከሁሉም ይቀድማል። የሲሚንቶ ምድጃው ደንብ የተገኘው ከኦፕሬተሩ አፍ ነበር። ኢትዮጵያ በ2011 ኢንስቲትዩት ያቋቋመችለት የካይዘን ፍልስፍናም የሚነሳው ማሽኑን በየቀኑ የሚነካው ሠራተኛ የሚያውቀው ነገር አለ ከሚል እምነት ነው። «ከባድ» የሚለውን ቃል የሚተረጉመው ጠረጴዛ ላይ ያ ሠራተኛ ካልተቀመጠ፣ የሚገኘው ቁጥር ስሌቱ የቱንም ያህል ቢረቅ የሌሎች ሰዎች ግምት ሆኖ ይቀራል።